የሻወር ቤት ፋን ስትቀይሩ የሽቦውን ቀለም አትመኑ

ለመጀመሪያ ጊዜ የገጠምኩት የሻወር ቤት ፋን የሚሠራው በግልባጩ ነበር። መብራቱን ሳጠፋው ይዞራል፣ ሳበራው ቀጥ ይላል። መጀመሪያ ፋኑ ተበላሽቶ የመጣ መስሎኝ ሻጩን በሆዴ ስረግመው ቆየሁ። ምስኪኑ ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከኮርኒሱ የወጣውን ሰማያዊ ሽቦ ሳይ «ሰማያዊ ከሆነ ኒውትራል (ጅረቱ የሚመለስበት ሽቦ) ነው» ብዬ አሰርኩት። ሽቦው ግን ከማብሪያ ማጥፊያው ወደ አምፖሉ የሚሄደው ፌዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ይዞ የሚመጣው ሽቦ፣ ሆኖ ተገኘ።

የሆነው እንዲህ ነው። የፋኑ አንዱ እግር ፌዝ ላይ ነው፣ ሌላው እግር የአምፖሉ ሽቦ ላይ። መብራቱ ሲጠፋ ጅረቱ በፋኑ አልፎ፣ በአምፖሉ ክር ዞሮ ኒውትራል ይገባል። አምፖሉ የድሮው ባለ 100 ዋት ስለነበረ ትንሿን የፋን ጅረት ሳይበራ አሳለፋት፣ ፋኑም ዞረ። መብራቱ ሲበራ ደግሞ የፋኑ ሁለቱም ጫፎች ፌዝ ይሆናሉ። በመካከላቸው ልዩነት ከሌለ ምን ያዙረው?

ይህን ያነሳሁት ፋን መቀየር ከባድ ስለሆነ አይደለም። አራት ብሎንና ሁለት ወይም ሦስት ሽቦ ነው። ሰው የሚሳሳተው ብሎኑ ላይ ሳይሆን የትኛው ሽቦ ምን እንደሚሠራ ሳያውቅ አሮጌውን በጥሶ ሲያወርድ ነው። ስለዚህ ሽቦው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፈዋለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ብሬከር አጥፍታችሁ፣ መጥፋቱን በመለኪያ አረጋግጣችሁ ሠርታችሁ የማታውቁ ከሆነ ይህ ሥራ መለማመጃ አይሁን። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰውነት እርጥብ ነው፣ እግር ባዶ ነው፣ ኤሌክትሪክም ይህን ይወዳል። በአንዳንድ አገሮች ደግሞ የመታጠቢያ ቤት ሽቦ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ እንዲነካው ሕጉ ያዛል፤ ያላችሁበትን ጠይቁ።

ከመግዛታችሁ በፊት

ብሬከሩን አጥፉና የአሮጌውን ፋን ክዳን አውልቃችሁ ሦስት ነገር እዩ። የቀዳዳው ስፋት፣ የሽቦው ብዛት፣ ከሻወሩ ያለው ርቀት።

አብዛኛው የመታጠቢያ ቤት ፋን 100 ሚሊ ሜትር ቱቦ ላይ ይገጠማል። 125 እና 150 የሆኑም አሉ። በዓይን ገምታችሁ አትሂዱ፤ በሜትር ለኩት።

ጉልበቱን ለመምረጥ የክፍሉን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት አባዙ። ለምሳሌ 2 ሜትር በ2 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር ቢሆን 10 ሜትር ኩብ ነው። አየሩ በሰዓት 10 ጊዜ ያህል ይቀየር ካላችሁ በሰዓት 100 ሜትር ኩብ የሚስብ ያስፈልጋል። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ግን ብዙውን ጊዜ ቱቦ ሳይገጠምለት የተለካ ነው። ቱቦው ረዘም ካለ ወይም ሁለት ሦስት ቦታ ከታጠፈ ያ ቁጥር በደንብ ይወርዳል፤ ስለዚህ ትንሽ ከፍ ያለውን ውሰዱ። ቱቦው በጣም ረጅም ከሆነ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ተራ ፋን አቅም ያንሰዋል፤ ቱቦው መሐል የሚገባውን ዓይነት ብትመርጡ ይሻላል።

ቀጥሎ ዓይነቱ። ተራው ፋን ሁለት ሽቦ ይበቃዋል፣ ከመብራቱ ጋር በርቶ ከመብራቱ ጋር ይጠፋል። ታይመር ያለው ሦስት ይፈልጋል። መብራቱ ከጠፋ በኋላም ለተወሰነ ደቂቃ ይዞራል፣ እንፋሎቱን የሚጨርሰውም ያኔ ነው። እርጥበት አይቶ ራሱ የሚነሳም አለ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሦስተኛው ሽቦ ካላችሁ ታይመር ያለውን ግዙ፤ ሰው ከሻወር ወጥቶ መብራቱን ሲያጠፋው እንፋሎቱ ገና ግድግዳው ላይ ነው።

ስለ ውሃ ደግሞ። ከገንዳው ወይም ከሻወሩ በላይ ከወለሉ እስከ 2.25 ሜትር ከፍታ፣ ከጫፉም ወደ ጎን እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ያለው ቦታ በብዙ አገሮች ደንብ ለብቻው የተከለለ ነው። እዚያ ውስጥ የሚገባ ፋን ቢያንስ አይፒኤክስ 4 የሚል ምልክት ይኑረው፣ ማለትም ከየትም አቅጣጫ የሚረጭ ውሃ የማይገባው። ልክ ከሻወሩ አናት ላይ ከሆነ በ12 ቮልት የሚሠራ ፋን አለ፤ ትራንስፎርመሩ ግን ከዚያ ክልል ውጭ ነው የሚቀመጠው። አንዳንድ ሰው ሁለቱንም አንድ ላይ ሻወሩ አናት ላይ ሰቅሎ «12 ቮልት ነው» ይላል። ትራንስፎርመሩ ውስጥ የሚገባው እኮ ሙሉው ቮልቴጅ ነው!

ቤቱ ውስጥ ጭሱ በቱቦ የሚወጣ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ካለ ደግሞ ጉልበተኛ ፋን ከመግጠማችሁ በፊት ባለሙያ ጠይቁ። ፋኑ አየር ሲስብ በማሞቂያው ቱቦ በኩል ጭሱን ወደ ውስጥ መልሶ ሊጎትተው ይችላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ይገድላል።

ማጥፋት ማለት ብሬከር ማጥፋት ነው

የግድግዳውን ማብሪያ ማጥፊያ ማጥፋት ማጥፋት አይደለም። ታይመር ያለው ፋን ላይ ሁልጊዜ ፌዝ ያለበት አንድ ሽቦ አለ፤ ማብሪያውን ብታጠፉትም እሷ አትጠፋም። ደግሞ አንዳንድ ቤት ውስጥ ማብሪያው ተሳስቶ ኒውትራሉን ነው የሚቆርጠው። መብራቱ ይጠፋል፣ ፌዙ ግን እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል።

ስለዚህ ከቦርዱ ብሬከሩን አውርዱ። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ካለ ብሬከሩ ላይ «አትንኩ፣ ሰው እየሠራ ነው» የሚል ወረቀት ለጥፉ። «መብራት ጠፋ እንዴ?» ብሎ መልሶ የሚያበራ ቀና ሰው በየቤቱ አለ።

ከዚያ መለካት። ሁለት ጫፍ ያለውን የቮልቴጅ መለኪያ ያዙ፤ መጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለው የምታውቁት ሶኬት ላይ ሞክሩት፣ ቀጥሎ የፋኑን ሽቦዎች ለኩ፣ በመጨረሻ ተመልሳችሁ ሶኬቱ ላይ ድጋሚ ሞክሩት። መጨረሻው ለምን? መለኪያው መሐል ላይ ባትሪው አልቆ ከሆነ «ምንም የለም» ያላችሁ በውሸት ነው። ስትለኩም እያንዳንዱን ሽቦ ከሌላው ሁሉ ጋር፣ ከኤርዙም (ወደ መሬት ከሚወርደው የመከላከያ ሽቦ) ጋር አጣምሩ። አንዳንዴ የፋኑ ቋሚ ፌዝ የመጣው ከሌላ ብሬከር ነው፣ የመብራቱን ብቻ ስላወረዳችሁ አይጠፋም።

ያቺ ውስጧ ትንሽ መብራት ያላት ካቻቢቴ ቴስተር ለዚህ አትበቃም። ደረቅ የእንጨት መሰላል ላይ ቆማችሁ ከነካችሁበት ሽቦው ፌዝ ይዞም ላትበራ ትችላለች፣ በቀን ብርሃን ደግሞ ብትበራም ላትታይ ትችላለች። ኪስ ውስጥ ትኑር፣ ነፍሳችሁን ግን አትስጧት።

አሮጌውን ማውረድ

ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። አንድ ከሩቅ፣ አንድ ከቅርብ፣ የተርሚናሉ (ሽቦዎቹ በብሎን የሚታሰሩበት ቦታ) ፊደላት በደንብ እንዲነበቡ አድርጋችሁ። ከዚያ ትንሽ ትንሽ ፕላስተር ቁረጡና በእያንዳንዱ ሽቦ ላይ የገባበትን ፊደል ጻፉበት። አምስት ደቂቃ ቢወስድ ነው። እኔ ያኔ ይህን ባደርግ ኖሮ ሁለት ሰዓት ባላጠፋሁ ነበር።

ተርሚናሉ ላይ የምታገኟቸው የላቲን ፊደላት በአብዛኛው እነዚህ ናቸው። ኤን ኒውትራል ነው። ኤል ፌዝ ነው፤ ታይመር ባለው ፋን ላይ ግን ኤል ማለት ሁልጊዜ የማይጠፋው ቋሚ ፌዝ ማለት ነው። ሦስተኛው እንደ አምራቹ ቲ፣ ኤልኤስ፣ ኤስኤል ወይም ኤል 1 ተብሎ ይጻፋል፤ እሱ ከማብሪያው የሚመጣው ፌዝ ነው፣ መብራቱ ሲበራ ብቻ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው። አምራቾች አይስማሙምና የአዲሱን ፋን ወረቀት ሳታዩ «ያው ነው» አትበሉ።

ምልክት ካደረጋችሁ በኋላ ተርሚናሉን አላልታችሁ ሽቦውን አውጡ፣ የአሮጌውን ፋን ብሎኖች ፍቱ፣ ሳታንገጫግጩ ሳቡት። ከጀርባው የአቧራ ዝናብ ይወርዳል፤ መነጽር አድርጉ። ቱቦውን በእጅ ባትሪ አብርታችሁ እስከ ውጭኛው አፍ ድረስ እዩ። አንዴ ፋኑ ደክሟል ተብዬ ሄጄ ቱቦው አፍ ላይ ሙሉ የወፍ ጎጆ አግኝቻለሁ፣ ፋኑ ምንም አልሆነም።

ሽቦውን መለየት

አሮጌው ፋን ላይ ፊደላቱ ከጠፉ ወይም ከናንተ በፊት ሌላ ሰው ነቅሎት ከሄደ ቀለሙ ብቻ አያድናችሁም። በብዙ አገሮች ዛሬ ቡናማ ፌዝ፣ ሰማያዊ ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫ ኤርዝ ነው። በድሮዎቹ ቤቶች ቀይ ፌዝ፣ ጥቁር ኒውትራል የሆነበት አለ። በሰሜን አሜሪካ ደግሞ ጥቁሩ ፌዝ ነው፣ ነጩ ኒውትራል። አንዱ ዘንድ ኒውትራል የሆነው ጥቁር ሌላው ዘንድ ይገድላል። በዚህ ላይ ወደ ማብሪያ የሚወርደው ገመድ ሁለት ሽቦ ብቻ ሲኖረው አንዱ ፌዝ ይዞ ይወርዳል፣ ሌላው ያንኑ ፌዝ ይዞ ይመለሳል፤ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ሰማያዊው ነው። እኔን የሸወደኝ እሱ ነው።

ስለዚህ እንለካለን። ብሬከሩ እንደጠፋ የሽቦዎቹን ጫፎች እርስ በርስ እንዳይነኩ አራርቁ፣ እያንዳንዱን ለብቻው በፕላስቲክ የሽቦ ማገናኛ ሸፍኑት፤ የመለኪያው ጫፍ በማገናኛው ቀዳዳ ገብቶ ብሎኑን መንካት ይችላል። ከዚያ መለኪያውን ተለዋዋጭ ቮልቴጅ ላይ አድርጉ፣ ብሬከሩን አንሱ፣ መሰላሉ ላይ ተረጋግታችሁ ቁሙ። የመለኪያውን ጫፎች ከጣት መከላከያው ወዲህ ያዙ። ከዚህ በኋላ ሽቦ በእጅ መንካት የለም።

መጀመሪያ መብራቱ ጠፍቶ። እያንዳንዱን ሽቦ ከኤርዙ ጋር ለኩ። 220 ወይም 230 ቮልት አካባቢ (ባላችሁበት ያለው ከ110 እስከ 120 ከሆነ ያንኑ) የሚያሳየው አንዱ ብቻ ይሆናል። እሱ ቋሚው ፌዝ ነው። አሁን መብራቱን አብሩና ድገሙት። አዲስ የነቃው ሁለተኛው ሽቦ ከማብሪያው የሚመጣው ነው። መብራቱ በርቶም ጠፍቶም ወደ ዜሮ የሚጠጋው ኒውትራል ነው። ለማረጋገጥ መብራቱ እንደበራ ሁለቱን ፌዞች እርስ በርስ ለኩ፤ ከአንድ መስመር ከሆኑ ዜሮ ማሳየት አለበት። ዜሮ ካልሆነ እዚህ ላይ አቁሙና ባለሙያ ጥሩ፣ ከሁለት የተለያየ መስመር የመጡ ናቸው ማለት ነው።

መብራቱ ጠፍቶ ሁለተኛው ሽቦ ላይ 40 ወይም 60 ቮልት ካያችሁ አትደንግጡ። ዲጂታል መልቲሜትር ስስ ነው፤ ጎኑ ካለው ፌዝ በአየር የሚተላለፈውን ጥላ ቮልቴጅ ሳይቀር ያነባል። ቅድም ያልኳችሁ ሁለት ጫፍ ያለው የቮልቴጅ መለኪያ ግን ራሱ ትንሽ ጅረት ስለሚስብ ያ ቁጥር ወዲያው ይጠፋል።

ምልክታችሁን ጻፉ። ብሬከሩን መልሳችሁ አውርዱ። ድጋሚ ለኩ። አዎ፣ ድጋሚ።

ማሰር

መጀመሪያ የፋኑን አካል ግድግዳው ላይ አድርጋችሁ ብሎኖቹ የሚገቡበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። በድሪል ስትበሱ ከግድግዳው ውስጥ ገመዱ በየት እንደሚያልፍ አስቡ፤ ብዙውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ነው። ፊሸር ክተቱ፣ ገመዱን በፋኑ የጎማ ቀዳዳ አስገቡ። ያ ጎማ እንፋሎት እንዳይገባ ነው፤ በቢላ ሰፋ አድርጋችሁ አትቅደዱት፣ ገመዱ ጥብቅ ብሎ ነው ማለፍ ያለበት።

ብሎኖቹን ስታጠብቁ እጃችሁን ያዝ አድርጉ። የፕላስቲኩ አካል ጠማማ ግድግዳ ላይ በኃይል ሲጠብቅ ይጣመማል፣ የሚዞረው የፋኑ ምላጭም ጠርዙን ይፍቀዋል። በጣት አዙሩት። ያለ ድምፅ ከዞረ ደህና ነው፣ ከተንኳኳ ብሎኑን ግማሽ ዙር አላሉ።

አሁን ሽቦው። ሽፋኑን ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ላጡ። ስትልጡ መዳቡን በፒንሳ እንዳትነክሱት፤ የተነከሰ መዳብ ሲታጠፍ ይሰበራል። ወደ ተርሚናሉ ሲገባ ራቁት መዳብ ከውጭ መታየት የለበትም፣ ሽፋኑም ከብሎኑ ሥር መግባት የለበትም። ገመዱ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ከሆነ ጠምዝዙት፣ አንድም ክር ውጭ እንዳይቀር። አጥብቁና እያንዳንዱን ሽቦ ጎተት አድርጉ። የወጣ ካለ አሁን ቢወጣ ነው የሚሻለው። ገመዱን በመያዣው ከውጭኛው ሽፋኑ ላይ አሥሩት፣ ትርፉንም ከምላጩ አርቁ።

ቋሚው ኤል ላይ፣ ከማብሪያው የመጣው ቲ ወይም አምራቹ በሰየመው ላይ፣ ኒውትራል ኤን ላይ። አለቀ።

ተራ ባለ ሁለት ሽቦ ፋን ከሆነ የምትገጥሙት ከማብሪያው የመጣውን ኤል ላይ ታስራላችሁ፣ ቋሚው ፌዝ ይተርፋል። አትቁረጡት፣ በማገናኛ ሸፍናችሁ አስቀምጡት። በግልባጩ ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው ቤት ውስጥ ታይመር ያለው ፋን የገዛችሁ እንደሆነ ኤልንና ቲን በአጭር ሽቦ የሚያገናኝ ሰው ታያላችሁ። ፋኑ ይዞራል፤ መብራቱ ሲጠፋ ግን ምግቡ አብሮ ስለሚቋረጥ ታይመሩ በከንቱ ነው። ሦስተኛ ሽቦ ማሳለፍ ግድ ነው።

ኤርዝስ? ብዙዎቹ የፕላስቲክ ፋኖች ድርብ ሽፋን አላቸው፤ አካላቸው ላይ አንዱ ካሬ በሌላው ካሬ ውስጥ ያለ ምልክት ታያላችሁ። የኤርዝ ተርሚናል የላቸውም። የመጣውን የኤርዝ ሽቦ ግን ቆርጣችሁ አትጣሉ፤ ጫፉን በማገናኛ ሸፍኑትና ተውት፣ ቀጣዩ ፋን ብረት ሊሆን ይችላል። የኤርዝ ተርሚናል ካለው ደግሞ ያለ ድርድር ይታሰራል።

ብዙ አምራቾች ከፋኑ በፊት 3 አምፔር ፊውዝ እንዲገባ ያዛሉ። ቅንጦት አይደለም። ፋኑ የሚበላው 10 ወይም 20 ዋት ነው፤ ምላጩ ተይዞ ሞተሩ ሲግል የመብራት መስመሩ ብሬከር ሊቆርጥ የሚችል ጅረት ላይደርስ ይችላል። እንዲሁም ሦስቱንም ሽቦ አንድ ላይ የሚቆርጥ ማጥፊያ ከመታጠቢያ ቤቱ ውጭ ቢኖር ለጽዳትም ለጥገናም ያቀላል። መስመሩ በ30 ሚሊ አምፔር የጅረት ፍሳሽ የሚቆርጥ መከላከያ ከሌለው ይህን አጋጣሚ ተጠቅማችሁ አስገጥሙ።

ሙከራ

ክዳኑን ግጠሙ፣ ከዚያ ብሬከሩን አንሱ። መብራቱን አብሩ። አንዳንዱ ፋን ወዲያው አይነሳም፣ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚነሳው፤ ስለዚህ ተቻኩላችሁ አትፍቱት። መብራቱን አጥፉ፣ ታይመር ካለው መዞሩን መቀጠል አለበት።

መብራቱ ሲጠፋ አብሮ ቀጥ ካለ ኤልና ቲ ተለዋውጠዋል። ጭራሽ የማይጠፋ ከሆነ ወይ ቋሚው ፌዝ ሁለቱም ጋ ገብቷል፣ ወይ የእርጥበት መለኪያው ዝቅ ብሎ ተስተካክሏል። መብራቱ ሲጠፋ ዞሮ ሲበራ ከቆመ፣ ወይም አምፖሉ ኤልኢዲ ሆኖ ሲጠፋ ብልጭ ድርግም ካለ፣ እንግዲህ የኔን ስህተት ደግማችኋል። ኤን ላይ ያሰራችሁት ኒውትራል አይደለም።

ቀጥሎ ቁራጭ ሶፍት ፋኑ አፍ ላይ አድርጉና ልቀቁት። ተጣብቆ መቅረት አለበት። ከወደቀ በሩን ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ ድገሙት። በሩ ሲከፈት ከተጣበቀ ችግሩ ፋኑ ሳይሆን የሚገባ አየር ማጣት ነው፤ ከበሩ ሥር 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይበቃል። በሩ ተከፍቶም ከወደቀ ቱቦውን እዩ። ተጣጣፊው ቱቦ እንደ አኮርዲዮን ተሸብሽቦ ከሆነ ወጥሩት፣ ትርፉን ቁረጡ። ወደ ውጭ ትንሽ ዘቅዘቅ ይበል፣ ካለበለዚያ በቱቦው ውስጥ የሚቋጠረው ውሃ ተመልሶ ሞተሩ ላይ ይንጠባጠባል። ጫፉም የግድ ከቤት ውጭ መውጣት አለበት። ኮርኒስ ውስጥ ከቀረ እንፋሎቱን ከሻወር ቤት ወደ ጣሪያው እንጨት ነው የምታዛውሩት።

ታይመሩ የሚስተካከለው በክዳኑ ሥር ባለች ትንሽ የፕላስቲክ ብሎን ነው። ብሬከሩን አጥፍታችሁ በቀጭን ካቻቢቴ ቀስ አድርጋችሁ አዙሯት፤ ጫፏ ላይ ስትደርስ ከገፋችኋት ትሰበራለች። እኔ ከ15 ደቂቃ እጀምራለሁ። ከ15 ደቂቃ በኋላ መስታወቱ አሁንም ያላበው ከሆነ ጨመር ማድረግ ነው።

በየጥቂት ወሩ ምላጩ ላይ የሚጋገረውን አቧራ በደረቅ ብሩሽ አንሱለት። ያኔም ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ማብሪያውን ሳይሆን ብሬከሩን አውርዱ። ያቺ ቋሚ ፌዝ ውስጥ አለች።